የመጀመሪያው አስተዋፅኦ፦ አዲስ ሰው ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክትን እንዴት ይቀላቀላል?

የጥምቀት በዓል ዘወትር ጥር 11 ቀን ይውላል። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን ቀኑ አንድ ወጥ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ዓመታት ጃንዋሪ 19 ሲሆን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ወደ ጃንዋሪ 20 ይሸጋገራል። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የተከበረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ የሚኖር ሰው ለበዓሉ ከሥራ ፈቃድ ሲጠይቅ በእጅ ስልኩ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አይቶ ሊሆን ይችላል። መቁጠሪያውን የሠራው ባለሙያ የጳጉሜንን ስድስተኛ ቀን ከዘነጋት፣ ያ ሰው ፈቃድ የሚወስደው በከተራ ዕለት ይሆንና ጥምቀት ሥራ ላይ እንዳለ ያልፈዋል።

እንዲህ ያለውን ስህተት ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን ከስልኩ አጥፍቶ ሌላ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ። ኮዱን ከፍቶ ማየት፣ ስህተቱ የት እንዳለ ማመልከት፣ ከተቻለም ራስ አርሞ ለባለቤቶቹ ማስረከብ ይቻላል። እርማቱ ተቀባይነት ካገኘ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ሰው ሁሉ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ከቀጣዩ እትም ጀምሮ ትክክለኛውን ቀን ያያል። ይህ በር ለማንም ክፍት ነው ቢባልም፣ ፕሮግራም መጻፍ የተማሩ በርካታ ሰዎች ደጁ ላይ ደርሰው ይመለሳሉ። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ላይሆን ይችላል፤ የቤቱን ሥርዓት አለማወቅ ብቻውን ይበቃል።

ምንጩ የተከፈተ ሶፍትዌር

ኦፕን ሶርስ፣ በአማርኛ ክፍት ምንጭ፣ የሚባለው ባለሙያዎች የጻፉት ኮድ ለሕዝብ የሚታይበት፣ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲለውጠውና እንዲያሰራጨው በግልጽ ፈቃድ የተሰጠበት ሶፍትዌር ነው። የሐሳቡ ሥር እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካስታወቁበት ጊዜ ይመዘዛል። በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ የነበሩት ሊነስ ቶርቫልድስ በትርፍ ጊዜያቸው የጀመሩትን ሥራ ለሌሎች አካፈሉ፤ ያ ሥራ ዛሬ ሊነክስ የሚባለው ነው። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስያሜ ራሱ በስፋት መሠራት የጀመረው በ1998 ነበር።

በዛሬው ጊዜ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ እምብርት ሊነክስ ነው። ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በዓለም የመጀመሪያዎቹ 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊነክስ ነው። በኢትዮጵያ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለና በህንድ ቤንጋሉሩ በተጀመረ የኦፕን ሶርስ ሥርዓት ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሊሠራባቸው ከሚችሉት የዘመን አቆጣጠሮች አንዱ የኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ የአንድ ፕሮግራመር የጳጉሜን ስሌት ከበዓል ፈቃድ አልፎ በአንድ ወረዳ የተመዘገበ የክትባት ሪፖርት በየትኛው ወር እንደሚቆጠር ሊወስን ይችላል።

በኢትዮጵያ ገጠር ደቦ ሲጠራ፣ የማይታወቅ ሰው ማጭዱን ይዞ ቢመጣ የሚመልሰው የለም። እንግዳው ግን ከየት በኩል እንደሚታጨድ ይጠይቃል፤ ከሰው ጎን ተሰልፎ ይጀምራል፤ የባለቤቱን ድንበር በራሱ ፈቃድ አይገፋም። የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ሥርዓትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እጥረትና ጥንቃቄ

አዲስ ተሳታፊ አስቀድሞ ሊረዳቸው የሚገቡ ሁለት እውነቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዓለም የተደገፈባቸው ብዙ ፕሮጀክቶች የሚንቀሳቀሱት በጥቂት ሰዎች እጅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲታወቅ፣ ችግሩ የተገኘበት ኦፕንኤስኤስኤል እጅግ በርካታ ድረ ገጾች ምስጢራዊ መረጃን የሚጠብቁበት ሶፍትዌር ነበር። ያኔ ፕሮጀክቱ የነበረው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በዓመት የሚያገኘው የልገሳ ገንዘብም 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ስህተቱ ከሁለት ዓመት በላይ ማንም ሳያየው ኖሯል።

ሁለተኛው፣ ፕሮጀክቶች አዲስ ሰው ቢያስፈልጋቸውም አዲስ ሰውን የሚጠነቀቁበት በቂ ምክንያት ያላቸው መሆኑ ነው። በማርች 2024 በማይክሮሶፍት የሚሠሩት መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የመግባቱ ሂደት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋሉ። ምክንያቱን ሲከታተሉ፣ ፋይሎችን ለማመቅ የሚያገለግለው ኤክስ ዜድ የተባለ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተሸሸገ የኋላ በር አገኙ። በሩን ያስገባው ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ፣ በድካም የተዳከመውን ብቸኛ አስተዳዳሪ እየረዳ፣ ቀስ በቀስ አመኔታን ያተረፈ ማንነቱ ያልታወቀ ተሳታፊ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። በኦፕን ሶርስ ዓለም ዋናው መገበያያ አመኔታ ነው። አዲስ ሰው ትልቅ ሥራ ይዞ ቢመጣ አስተዳዳሪዎቹ ሥራውን ለመመርመር ቀናት ሊያጠፉ ግድ ይላቸዋል፤ ሰውየውን ግን አያውቁትም። ትንሽ፣ ግልጽና የተሟላ ሥራ ይዞ የመጣ ግን በጥቂት ደቂቃ ይመረመራል፣ ይመሰገናል፣ ለሚቀጥለውም ይታወሳል። የመጀመሪያው አስተዋፅኦ ትንሽ ይሁን የሚባለው ጀማሪው ትልቅ ሥራ አይችልም ተብሎ አይደለም፤ ትንሽ ሥራ የሚመረምረውን ሰው ጊዜ ስለሚቆጥብ ነው።

ፕሮጀክት መምረጥ

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ዝነኛ ፕሮጀክት በመፈለግ ነው። የተሻለው መነሻ ራሱ ተሳታፊው በየቀኑ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። የአማርኛ መክተቢያ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የሰነድ ማዘጋጃ ወይም በሥራ ቦታ የሚያገለግል መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚ የሆነ ሰው የሚያስቸግረውን ያውቃል፤ እርማቱ ትክክል መሆኑንም ማንም ሳይነግረው ይለያል።

ከተመረጠ በኋላ ፕሮጀክቱ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ለውጥ መቼ ገባ? ከማያውቋቸው ሰዎች የመጡ የለውጥ ጥያቄዎች መልስ አግኝተዋል ወይስ ለዓመታት ተንጠልጥለው ቀርተዋል? መልስ ሲሰጥስ በምን ዓይነት ቃል ነው? አንድ ሰዓት ወስዶ ያለፉትን ወራት ውይይቶች ያነበበ ሰው፣ ወራት ከሚፈጅ ብስጭት ራሱን ያድናል።

ሌላው መታየት ያለበት ፈቃዱ ነው። ኮድ በይነመረብ ላይ ስለተገኘ ብቻ ኦፕን ሶርስ አይባልም፤ የፈቃድ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ኤም.አይ.ቲ. እና አፓቼ 2.0 የሚባሉት ፈቃዶች ኮዱ ተዘግቶ በሚሸጥ ምርት ውስጥም እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ጂ.ፒ.ኤል. የሚባለው ግን ሶፍትዌሩን ለውጦ የሚያሰራጭ ሰው ለውጡንም በዚያው ፈቃድ ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ተሳታፊው ድካሙ በየትኛው ሁኔታ እንደሚሰራጭ አውቆ ቢገባ ይሻላል።

ከኮድ በፊት ንባብ

አብዛኞቹ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡት እንደ ጊትሃብና ጊትላብ ባሉ ድረ ገጾች ነው። እዚያ መጀመሪያ የሚነበበው «ሪድሚ» የተባለው ፋይል ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚጫን ይገልጻል። ሁለተኛው «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚባለው ነው፤ ለውጥ የሚቀርብበትን ሥርዓት፣ የአጻጻፍ ደንቡንና የፍተሻውን መንገድ ይዘረዝራል። ሦስተኛው የሥነ ምግባር ደንቡ ነው። እነዚህን ሳያነቡ ሥራ ማቅረብ ጫማ ሳያወልቁ መቅደስ እንደ መግባት ነው፤ የሚያዩት ሁሉ ሰውየው ለቤቱ እንግዳ መሆኑን ወዲያው ያውቃሉ።

ቀጣዩ ሥራ ፕሮግራሙን ከነኮዱ በራስ ኮምፒውተር ላይ አስነስቶ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። አንድ የጎደለ መሣሪያ ወይም ያረጀ እትም ሁሉን ነገር ሊያቆም ይችላል። ሆኖም ጀማሪው ሳያውቀው የመጀመሪያውን አስተዋፅኦ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት በፕሮጀክቱ ውስጥ የኖሩት ሰዎች መመሪያቸውን ደግመው አያነቡትም፤ የተዘለለውን እርምጃ የሚያየው አዲስ ዓይን ብቻ ነው። መመሪያው ላይ የጎደለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ያቀረበ ሰው፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ የእንቅፋቱን ድንጋይ አንስቷል።

አስተዋፅኦ ማለት ኮድ ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ይገባል። ሰነድ ማረም፣ ትርጉም መሥራት፣ ሌሎች ሪፖርት ያደረጉትን ስህተት በራስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ማረጋገጥ፣ ለተጠቃሚዎች ጥያቄ መልስ መስጠት፣ ገጽታ መንደፍ ሁሉም በፕሮጀክቶች የሚፈለጉ ሥራዎች ናቸው። ኮድ ለመጻፍ የሚሹ ደግሞ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸውን ሥራዎች ይፈልጋሉ። ምልክቱ አስተዳዳሪዎቹ ለጀማሪ ይመቻሉ ብለው የለዩአቸውን ያመለክታል።

ስህተትን በትክክል መግለጽ

የቀን መቁጠሪያውን ምሳሌ ወስዶ መንገዱን እስከ ፍጻሜው መከተል ይቻላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። በቁጥር ቋንቋ ሲነገር፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ይኖራታል። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ነበረች። የጎርጎርዮሳዊውን ሕግ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራመር ግን ያለ ቀሪ ለ4 የሚካፈለውን ዓመት ይመርጥና ስድስተኛዋን ቀን ለ2016 ይሰጣታል። ውጤቱ ከመስከረም 1 ቀን 2016 አንስቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ቀን በአንድ እንዲዛነፍ ያደርጋል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል። እንዲህ ያለው ስህተት ለሦስት ዓመት ተሰውሮ በአራተኛው ብቅ የሚል ነው።

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው «ኢሹ» በሚባለው የችግር መዝገብ ውስጥ ቀደም ሲል የተመዘገበ መሆኑን መፈለግ ነው። ካልተገኘ ራሱ ይመዘግባል። «መቁጠሪያችሁ አይሠራም» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም። ጥሩ ሪፖርት አራት ነገሮችን ይይዛል፤ የተደረገውን፣ የተጠበቀውን፣ የታየውንና የፕሮግራሙን እትም። ለምሳሌ፦ «ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ ጎርጎርዮሳዊው እንዲቀየር ተጠየቀ፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ይጠበቅ ነበር፤ ፕሮግራሙ ያሳየው ጃንዋሪ 19 ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ሕጉን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይገባል፤ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው በብራዚል ወይም በጃፓን ሊኖር ይችላል፤ ስለ ጳጉሜንም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል።

በሪፖርቱ መጨረሻ «እርማቱን ልሠራው እችላለሁ፤ ፈቃዳችሁ ነውን?» ብሎ መጠየቅ መልካም ልማድ ነው። አስተዳዳሪዎቹ ሌላ ሰው እየሠራው እንደሆነ ወይም ያ ክፍል በሙሉ ሊቀየር እንደታሰበ ሊናገሩ ይችላሉ። አንዲት ጥያቄ የሦስት ሳምንት ከንቱ ድካምን ታስቀራለች።

ከፎርክ እስከ ፑል ሪኩዌስት

ሥራው ሲጀመር የሚያገለግለው መሣሪያ ጊት ይባላል። ጊት እያንዳንዱ ለውጥ በማን፣ መቼና ለምን እንደተደረገ የሚመዘግብ ሥርዓት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ ለሊነክስ ሥራ ብለው የፈጠሩት ነው።

አዲስ ተሳታፊ ዋናውን የኮድ ማኅደር በቀጥታ መንካት አይችልም። በመሆኑም «ፎርክ» አድርጎ የራሱን ቅጂ ያወጣል፤ በቅጂው ውስጥ «ብራንች» የተባለ የተለየ የሥራ መስመር ይከፍታል፤ ለውጡን በዚያ ላይ ያደርጋል። በምሳሌው መሠረት ለውጡ ከአንድ መስመር ላይበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና ራስን መግታት ነው። ጀማሪው ኮዱን ሲከፍት ያልተስተካከለ አጻጻፍ፣ ያልጣመው ስያሜ፣ ሊሻሻል የሚችል ሌላ ስሌት ያያል። ሁሉንም አብሮ ካስተካከለ ግን መርማሪው አንዷን እርማት ከመቶ ለውጥ መሐል ፈልጎ ለማውጣት ይገደዳል። አንድ ለውጥ አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል።

ከእርማቱ ጋር ፍተሻ ይጻፋል። ፍተሻ ማለት ፕሮግራሙ ትክክለኛውን መልስ መስጠቱን በየጊዜው የሚያረጋግጥ አጭር ኮድ ነው። ለምሳሌ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ጋር መግጠሙን ይመረምራል። ፍተሻው ያለ እርማቱ ሲወድቅ፣ ከእርማቱ ጋር ሲያልፍ መታየት አለበት። ይህ ከተደረገ መርማሪው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ባያውቅም እንኳ ሥራውን ሊያምነው ይችላል።

ከዚያ ለውጡ «ኮሚት» ተደርጎ ይመዘገባል። ከምዝገባው ጋር የሚጻፈው አጭር መግለጫ ምን እንደተለወጠ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተለወጠ ይናገራል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ያንን መስመር አይቶ የሚገረም ሰው መልሱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። በመጨረሻ «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» የሚል ትርጉም ያለው «ፑል ሪኩዌስት» ይላካል። መንገዱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሊነክስ ራሱ እስከ ዛሬ ለውጦችን የሚቀበለው በኢሜይል ነው። ለዚህም ነው መመሪያ ማንበብ የሚቀድመው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በጊት የሚመዘገብ ስምና ኢሜይል ለዓለም ሁሉ ይታያል፤ ከተሰራጨ በኋላ ማጥፋትም እጅግ አስቸጋሪ ነው። በግል ምክንያት ማንነታቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉ ሰዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የግል አድራሻቸውን የሚሰውረውን አማራጭ ማስተካከል ይኖርባቸዋል። እንደ ጊትሃብ ያሉ ድረ ገጾች ይህን አማራጭ ይሰጣሉ።

ግምገማው

ፑል ሪኩዌስት ከተላከ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ምላሽ ብዙውን ጊዜ ዝምታ ነው። አስተዳዳሪው ሌላ መተዳደሪያ ሥራ ያለው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጠብቆ በትሕትና አንድ ጊዜ ማስታወስ ነውር የለውም፤ በየቀኑ መጎትጎት ግን በር ያዘጋል።

ምላሹ ሲመጣ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሻካራ ሊመስል ይችላል። በአማርኛ የንግግር ባህል ሰላምታና የጤና ጥያቄ ከጉዳዩ ይቀድማሉ፤ ሰውን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለትም ይከብዳል። በእነዚህ ፕሮጀክቶች ዘንድ ግን «ይህ መስመር አያስፈልግም» ወይም «ስሙ ይቀየር» የሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር የተለመደ ነው። ይህ ስለ ኮዱ የተነገረ እንጂ ስለ ሰውየው የተነገረ አይደለም። ይሉኝታም በተቃራኒው ሊጎዳ ይችላል። ያልገባውን እንደገባው አድርጎ «እሺ» ያለ ተሳታፊ ሁለተኛ ይሳሳታል፤ «አልገባኝም፣ ቢብራራልኝ» ያለ ግን ይከበራል።

ይህ ማለት ግን ስድብ ሁሉ ይታለፍ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ሊነስ ቶርቫልድስ ራሳቸው ለዓመታት በቁጣ የጻፏቸው ኢሜይሎች ተገቢ እንዳልነበሩ አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ከሥራው ገለል ብለው ነበር። በዚያው ወቅት የሊነክስ ፕሮጀክት የሥነ ምግባር ደንብ ተቀብሏል። ክብረ ነክ ቃል የሚታለፍበትን ፕሮጀክት ትቶ ሌላ መፈለግ ሽንፈት አይደለም።

ለውጡ ውድቅ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ምክንያቱ ኮዱ መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ አዲስ ነገር ከገባ በኋላ ለዓመታት የሚጠብቀው ሰው ይሻል፤ አስተዳዳሪዎቹ «አይሆንም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ያንን ሸክም አስበው ነው።

ከቲሸርት እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ከ2014 ጀምሮ በየኦክቶበር የሚካሄደው ሃክቶበርፌስት አዲስ ተሳታፊዎችን ለማበረታታት የተጀመረ ነው። በ2020 ግን አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ሰው የሚሰጠውን ቲሸርት ብቻ የፈለጉ ሰዎች በፕሮጀክቶች ላይ ትርጉም የለሽ ለውጦችን አዘነቡ፤ አንድ ቃል ጨምሮ ወይም አንድ ነጥብ ቀይሮ መላክ ተለመደ። አዘጋጆቹ በዚያው ወር ደንቡን ለውጠው ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲካተቱ አደረጉ። የበጎ ፈቃደኞች ጊዜ ግን አንዴ ባክኗል።

ዛሬ ተመሳሳዩ ችግር በሌላ መልክ መጥቷል። ከርል የተባለውን በሰፊው የሚያገለግል መሣሪያ የመሠረቱት ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ፣ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ፣ ሲታዩ የረቀቁ፣ ሲመረመሩ ግን ባዶ የሆኑ የደኅንነት ሪፖርቶች ሥራቸውን እንዳወኩባቸው በይፋ ሲናገሩ ቆይተዋል። መሣሪያውን ለመማሪያነትና ለረዳትነት መጠቀም አንድ ነገር ነው። ራስ ያልገባውን ኮድ ወይም ራስ ያላረጋገጡትን ሪፖርት ለሌላ ሰው ማሸከም ግን ሌላ ነው። ተሳታፊው የላከውን እያንዳንዱን መስመር ለማስረዳት ዝግጁ ካልሆነ ባይልከው ይሻላል። አንዳንድ ፕሮጀክቶች በዚህ ረገድ የራሳቸውን ደንብ አውጥተዋል፤ ደንቡም ከሌሎቹ መመሪያዎች ጋር አብሮ ይነበባል።

ሕግና ክፍያ

በውጭ አገር በቴክኖሎጂ ሙያ የተቀጠሩ ሰዎች የሥራ ውላቸውን ማንበብ አለባቸው። አንዳንድ ቀጣሪዎች ሠራተኛቸው የሚጽፈው ኮድ የእነርሱ ንብረት እንደሚሆን በውሉ ያሰፍራሉ። ሊነክስን ጨምሮ በርካታ ፕሮጀክቶች በበኩላቸው፣ ተሳታፊው ሥራውን የመስጠት መብት እንዳለው በስሙ ፈርሞ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃሉ። ሳያጣሩ መፈረም በኋላ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ከዚህ ሥራ ብዙው ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው። ለጀማሪዎች የሚከፍሉ ፕሮግራሞች ግን አሉ። ጎግል ከ2005 ጀምሮ የሚያካሂደው «ሰመር ኦፍ ኮድ» እና በቴክኖሎጂው ዘርፍ ውክልናቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎችን የሚያበረታታው «አውትሪቺ» ከታወቁት መካከል ናቸው። ሰመር ኦፍ ኮድ ተሳታፊው በሚኖርበት አገር የመሥራት ፈቃድ እንዲኖረው ስለሚጠይቅ፣ በተማሪ ቪዛ ያሉ ሰዎች አስቀድመው ማጣራት ይኖርባቸዋል።

ሥራ ለሚፈልግ ሰውም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። በአዲስ አገር ያለ ትውውቅና ያለ ምስክር ለቆመ ስደተኛ፣ ሥራውን ማንም ከፍቶ ሊያየው የሚችል ማስረጃ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ይህ ግን የሥራ ዋስትና አይደለም። ቀጣሪን የሚያሳምነው የፑል ሪኩዌስቱ ብዛት ሳይሆን፣ ሰውየው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተነጋግሮ አንድን ችግር ከዳር ማድረሱ ነው።

አማርኛ የሚያውቅ እጅ

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ በኮምፒውተርና በስልክ ላይ መታየቱ ችግር መሆኑ እየቀረ ሄዷል። ሌሎች ጥያቄዎች ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይጠብቃሉ። «ሰላም» ብሎ የፈለገ ሰው «ሠላም» ተብሎ የተጻፈውን ማግኘት አለበት ወይስ የለበትም? «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» በፍለጋ ውስጥ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? መልሱን በጃፓን ወይም በጀርመን ያለ ፕሮግራመር ሊወስነው አይችልም፤ የሚነግረው ካጣ ግን በግምት ይወስነዋል።

ትርጉምም እንዲሁ ነው። ሊብሬኦፊስ የተባለው የሰነድ ማዘጋጃ በአማርኛ ገጽታ ይገኛል፤ ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪም ትራንስሌትዊኪ በተባለ ድረ ገጽ ላይ በፈቃደኞች ይተረጎማል። ይህን ሥራ ለመጀመር ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ሰው እንኳ በስልክ አሳሽ ሊሞክረው ይችላል። ነገር ግን ቀላል አይደለም። በእንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ የሆነው ትእዛዝ በአማርኛ «አስቀምጥ»፣ «አስቀምጪ» ወይም «ያስቀምጡ» ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ተጠቃሚውን በየትኛው ያነጋግረዋል? አንዱ ተርጓሚ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ከመረጠ፣ በአንድ ገጽ ላይ ተጠቃሚው አንዴ አንቺ፣ አንዴ አንተ፣ አንዴም እርስዎ ይባላል። አዲስ ተርጓሚ ስለዚህ ቀድሞ የተተረጎመውን አንብቦ፣ ከነበሩት ጋር ተነጋግሮ መቀጠል ይኖርበታል። የኮዱ ሥርዓት ለቋንቋውም ይሠራል።

ጳጉሜን ቀጥሎ 6 ቀን የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2027 ነው። ተከትሎ የሚመጣው የ2020 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይውላል። ዛሬ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ያሉ የቀን መቁጠሪያዎች ያንን ቀን አስቀድመው ማሳየት ይችላሉ። ትክክለኛውን ቀን ማሳየታቸውን መመርመር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የተሳሳተ ያገኘ ሰውም የመጀመሪያውን ኢሹ የሚመዘግብበትን ርዕስ አግኝቷል።